መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይን ይለካ

በቤተ ሙከራ ለተማሪዎች አስቀድመን የምንነግራቸው አንድ ደንብ አለ፤ መነሻው ያልታወቀ ለውጥ ሊለካ አይችልም። ይህ ደንብ ለሰው ዓይንም ይሠራል።

ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተገኘው ይህ መድኃኒት በተለመደው የ6 ወር ሕክምና ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከሌሎች ሦስት መድኃኒቶች ጋር ይወሰዳል። የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን በጥቂት ሕሙማን ላይ ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰውን የእይታ ነርቭ ይጎዳል። በቀን ለአንድ ኪሎግራም የሰውነት ክብደት 15 ሚሊግራም ሲሰጥ እምብዛም የማይታየው ጉዳት፣ መጠኑ 25 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ይበረክታል። መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚወገደው በኩላሊት በመሆኑ፣ ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች አደጋው የከፋ ነው።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ ቀስ በቀስ ይመጣል። ከቀደምት ምልክቶቹ አንዱ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ነው። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ አልተለወጠም፤ የታወከው የመልእክቱ መተላለፊያ ነው። ፊደል ሊደበዝዝ፣ በእይታ መካከልም የጠቆረ ቦታ ሊታይ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበትና መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ከቆመ፣ እይታ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ኢታምቡቶል የሚጀምር ሰው ሁሉ አስቀድሞ እይታው ሊለካ፣ ውጤቱም በካርዱ ላይ ሊመዘገብ ይገባል እላለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው የፊደል ሰሌዳና ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተማቸው ባለ ቀለም ነጠብጣብ ሥዕሎች ናቸው። በቀን ብርሃን፣ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ መመርመር ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ከወንዶች መካከል ከትውልዳቸው ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ስላሉ፣ የመነሻው ውጤት ከሌለ የኋላውን መተርጎም ያስቸግራል።

ይህን መናገር ሕሙማንን አስፈርቶ መድኃኒት ያስጥላል የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ለሞትና መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ ይጋለጣል። ይሁን እንጂ ሳይነገረው እይታው የደከመ ሰው ሕክምናውን ከነጭራሹ ቢሸሽ ማን ይወቅሰዋል?

ውድ ተማሪዎች፣ ከቤተሰባችሁ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ካለ ቀለማት እንደ ወትሮው ይታዩት እንደሆነ ጠይቁት። ለውጥ ካለ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ።