እናቴ ሮማን ያየች ዕለት

የጉብኝት መጻሕፍት ለቤተሰብ የሚያዘጋጁት የአንድ ቀን የሮማ መንገድ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት ኮሎሲየም፣ ቀትር ላይ ፓንቴዮን፣ ከሰዓት በኋላ ትሬቪ ምንጭ ሳንቲም መወርወር፣ ማታ ፓስታና ጀላቶ። መንገዱ ክፉ አይደለም፤ ልጆችም ይደሰቱበታል። ይሁንና ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሮማን በዚያ መንገድ ብቻ አይቶ ከተመለሰ፣ በስሙ የተላከለትን ደብዳቤ ሳይከፍት እንደመለሰ ይቆጠራል ባይ ነኝ።

ይህንን ስናገር ወዳጆቼ ይቆጡኛል። «ሰው ለዕረፍት በሄደበት አገር ቁስል ይነካካል እንዴ? ልጆቹን ለቀቅ አድርጋቸው!» ይሉኛል። ክርክሩን ከመቀጠሌ በፊት ያሳለፍነውን ቀን ልተርክ።

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት መጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአውሮፓ ምን ማየት እንደምትፈልግ ስንጠይቃት «ሮማን» አለች፤ ሌላ ከተማ አልጠራችም። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ምክንያቷ ይኸው እንደ ሆነ ገመትሁ እንጂ አልጠየቅኋትም። ባለቤቴን፣ የዐሥራ አንድ ዓመቷን ልጄንና የሰባት ዓመቱን ታናሿን ይዤ ከእርሷ ጋር ሄድን።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። በየቀኑ እልፍ አእላፍ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል፤ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በዛፎች መካከል፣ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ቆሟል፤ የሟቾቹ ስም በግርጌው ተጽፏል። በፋሺስቱ ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳም ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ከዚሁ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። እናቴ የዘርአይ ደረስን ታሪክ በትምህርት ቤት እንደ ተማረችው አድርጋ ለልጆቹ ነገረቻቸው፤ ጎራዴውን መዝዞ፣ ጠላቶቹን ጥሎ፣ እዚያው እንደ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1938 እዚያ ቦታ ሰዎችን ማቁሰሉ እውነት ነው። የሞተው ግን በ1945 ሲሲሊ ውስጥ፣ የአእምሮ ሕሙማን በሚታጎሩበት ቤት ነው። አላረምኋትም። ለእኔ የኋለኛው ታሪክ ከፊተኛው ይልቅ ያሳዝናል፤ ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ትንሹ ልጄ ስሞቹን ሲቆጥር ቆየና፣ «እማማ፣ እነዚህ ክፉ ሰዎች ናቸው?» ሲል ጠየቃት።

እናቴ አማተበች። «የእናት ልጆች ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለችው።

ደሜ ፈላ። ማንም ሳይጠራቸው ባሕር ተሻግረው የመጡ መሆናቸውን ለልጁ አስረዳሁት። እርሷም ወደ እኔ ሳትዞር «ያልተጠራ እንግዳም ሲሞት ይቀበራል» አለች።

በዚህ ነገር ከእናቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ሐውልቱ ይፍረስ የሚል አሳብ የለኝም፤ ለሟች ማዘንንም አልጠላም። ነገር ግን አደባባይ የመቃብር ሥፍራ አይደለም። አደባባይ ማለት አንድ አገር ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ የሚናገርበት ቦታ ነው፤ ሟቾቹ በማን አገር፣ ምን ሲያደርጉ እንደ ሞቱ የማይናገር ድንጋይ ደግሞ ግማሹን ታሪክ ይውጣል። ቀሪውን ግማሽ እዚያ ቆሞ ለልጁ የሚነግር ወላጅ ያስፈልጋል። ክርክሬ ከዚህ ያለፈ አይደለም።

ወዳጆቼ የሚፈሩት ልጆች በምሬት እንዳይሞሉ ነው። ሮማ ግን ለእኛ የምሬት ከተማ ብቻ አይደለችም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የተባለች ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለች። በዐሥራ አምስተኛውና በዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከእነዚህ ሰዎች ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በዚችው ከተማ አሳተመ፤ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላም አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ዛሬ እኔና አንባቢዬ የምንገናኝበት ፊደል በኅትመት የተወለደው በሮማ ነው ማለት ነው! ይህንን የጉብኝት መጽሐፉ አይነግረንም፤ እኛም እርስ በርሳችን ብዙ አናወራውም።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ልጆቹ ሱፕሊ በሉ፤ ሩዙ በስጎ ተለውሶ፣ በመካከሉ አይብ ገብቶበት የሚጠበስ ነው። ሲገምጡት አይቡ እንደ ክር ይሳባል፤ ሮማውያን ከድሮ ስልክ ሽቦ ጋር ያመሳስሉታል። ለእናቴ በአይብና በቁንዶ በርበሬ ብቻ የሚሠራውን ፓስታ አዘዝንላት። አንድ ጊዜ ጎረሰችና ሹካዋን አስቀመጠች።

«አልበሰለም» አለች።

የእነርሱ አበሳሰል እንዲህ እንደ ሆነ ብናስረዳት አልሰማችንም። «እኔ ፓስታ ስቀቅል ስልሳ ዓመቴ ነው፤ ንገሩልኝ» አለች። አስተናጋጁ ሰምቶ ፊቱ ተለዋወጠ። እርሷ ግን በልጅነቷ ሰፈር ውስጥ የለቀመቻቸውን የጣልያንኛ ቃላት ትደረድርለት ጀመር፤ ፎርኖ፣ አስቤዛ፣ ማኪና፣ ቦርሳ፣ ፒያሳ። ግማሾቹ አማርኛ ሆነዋል፤ ሰውዬው ግን ገባው። ሣቀና ሳህኑን አንሥቶ ሄደ። ሲመለስ ፓስታው እንደ ገንፎ ለስልሶ ነበር። እናቴ ጥርግ አድርጋ በላችው። ማኪያቶው ሲመጣ ደግሞ በሲኒ ስር ያለችውን ጠብታ አይታ «ለናሙና ነው?» አለችን።

ከሰዓት በኋላ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ቺርኮ ማሲሞ ሄድን። ከጣቢያው በላይ፣ ፖርታ ካፔና በሚባለው ሥፍራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ ርዝመቱ ሃያ አራት ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል። ፊት ለፊቱ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሊሆን የታነጸው ሕንፃ አለ፤ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይሠራበታል።

ሴት ልጄ ዙሪያውን ቃኘች። «ምንም የለም እኮ! ምን ልናይ ነው የመጣነው?» አለች።

የሌለውን ነው አልኋት። ጣልያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልትመልስ ፈርማ እንደ ነበር፣ ሐውልቱ ግን አክሱም የገባው በ2005 እንደ ሆነ ነገርኋት። ልጅቱ በጣቷ ቆጥራ «ሃምሳ ስምንት ዓመት!» አለች። በትምህርት ቤቷ ሥራ አሳድራ ስለ ተቀጣች በነገሩ እጅግ ተገረመች።

እናቴ ጥላ ፈልጋ ተቀምጣ ነበር። ባዶውን ቦታ ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና «አሁን አክሱም ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። በ2008 መተከሉን ነገርኋት። «እኔ እንኳን አላየሁትም» አለች።

ቀኑን ሙሉ ስናገር የዋልሁት ሰው መልስ አጣሁ። እናቴ አክሱም ጽዮንን ለመሳለም ስትመኝ ኖራለች። እኔም በየዓመቱ «በሚቀጥለው ስመጣ እወስድሻለሁ» ስላት ኖሬአለሁ። አንድ ዓመት ሥራ በዛብኝ፤ አንድ ዓመት ገንዘብ አጠረኝ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2020 ጦርነቱ መጣ። ከጦርነቱ በፊት ግን ብዙ ዓመታት ነበሩ። በሮማ አደባባይ ላይ ስለ ጎደለው ታሪክ ለልጆቼ የማስተምር እኔ፣ እናቴን ሐውልቱ ያለበትን ሳይሆን የተነቀለበትን ቦታ ላሳያት አመጣኋት።

ማታ በየመንገዱ ዳር ሌት ተቀን ውኃ ከሚያፈሱት የብረት ቧንቧዎች አንዱ ጋ ቆመን ልጆቹ ተራጩ፤ አፉን በጣት ሲደፍኑት ውኃው በላይኛው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ባለቤቴ እራታችንን በተርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እንድንበላ አሳብ አቀረበች። እናቴ «እንጀራ ልበላ ነው እንዴ ሮማ የመጣሁት?» ብላ ጀላቶ አስገዛች።

እየላሰችው ሳለ «ከአዲስ አበባ አክሱም በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ያህል።»

«ከፍራንክፈርት እዚህስ?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ።»

ሌላ አልጠየቀችም። ትንሹ ልጄ ከእጅዋ ጀላቶውን ሊቀምስ ተንጠራራ፤ ዝቅ አድርጋ ሰጠችው።