የመኪና ነገር፦ ለአዲስ አበባዋ ቮልስ የፊት እግር ዕቃ ከአሜሪካ ሲገዛ

ሰሞኑን የደረሰን አንድ ደብዳቤ እንደ ወትሮው ስለ ታክሲ ኢንስፔክሽን ወይም ስለ ኢንሹራንስ አይደለም። የአንባቢያችን አባት አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው 78 ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ የነዷት አንዲት ቮልስ አለቻቸው። መኪናዋ አሁን ትዋልላለች፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትስባለች፣ ጉድጓድ ስትነካ ከፊት በኩል «ቋ» ትላለች። መካኒኩ አይቶ «የፊት እግሯ አልቋል፤ ልጅዎ ከአሜሪካ ሙሉውን ይላክ» ብሏል። ልጆቹ «ትሸጥና ይረፉ» ይላሉ። አባት ግን ቤተ ክርስቲያንም፣ ዕድርም፣ ሐኪም ቤትም የሚሄዱት በእሷ ነውና ይህን ወሬ መስማት አይፈልጉም። አንባቢያችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጓዛሉ፤ ጥያቄያቸውም «ምን ልግዛ? ከየት?» የሚል ነው።

መልሳችን፦ እስቲ ይቆዩ፤ ገና ምንም አይግዙ።

እዚህ አገር የተሳሳተ ዕቃ የገዛ ሰው በፖስታ ይመልሰዋል፤ ገንዘቡንም ያገኛል። አዲስ አበባ ደርሶ አልገጥም ያለ ዕቃ ግን መመለሻ የለውም፤ ሶማሌ ተራ ወስዶ በሩብ ዋጋ መሸጥ ነው፤ እሱም ገዢ ከተገኘ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ መካኒኩ «ግድ የለም፣ እንዲገጥም አደርገዋለሁ» ብሎ በመዶሻና በብየዳ የገጠመው ዕቃ ነው። ይህ የሬዲዮ ወይም የመስኮት ጉዳይ አይደለም፤ ቦል ጆይንት ከቦታው ከወጣ ጎማው ተጣጥፎ ይወድቃል፤ መሪውም ከዚያ በኋላ ጌጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቮልሷ የትኛዋ እንደሆነች እንወቅ። ሁሉም ቮልስ ከሩቅ አንድ ይመስላል እንጂ የፊት እግሩ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የጥንቱ፣ ፐርኖ ያለው ነው፤ እዚህ «ኪንግ ፒን እና ሊንክ ፒን» ይሉታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1965 ጀምሮ፣ ማለትም ከ1966 ሞዴል አንሥቶ የገባው ባለ ቦል ጆይንት ነው። ሁለቱም በአንድ ሐሳብ ይሠራሉ፦ ከፊት ሁለት አግድም ቧንቧዎች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመዋል፤ በውስጣቸው እንደ ባሌስትራ የተነባበሩ ስስ ብረቶች አሉ፤ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል እነዚህ ብረቶች ይጠመዘዛሉ እንጂ እንደ ሞላ አይጨመቁም። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ነው፤ ለኮረኮንች መንገድ ግሩም ነበር፣ ዛሬም ነው። ሦስተኛው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል የመጣው 1302፣ ኋላም 1303 የተባለው ነው፤ አሜሪካኖቹ «ሱፐር ቢትል» ይሉታል። እሱ ቧንቧ የለውም፤ ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድነት የቆሙበት ነው። ከሦስቱ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ሾክ አብዞርበሩ እንኳ ይለያያል።

ታዲያ ከዚህ ሆኖ እንዴት ይታወቃል? አባትዎን በስልክ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የፊት ኮፈኑ ሲከፈት ትርፍ ጎማው ቆሟል ወይስ ተኝቷል? የተኛ ከሆነ ሦስተኛዋ ዓይነት ናት። የቆመ ከሆነ ከሁለቱ አንዷ ናትና ወደ ሻንሲ ቁጥሯ እንሂድ። ቁጥሩ የኋላ ወንበር ሲነሣ፣ መሐል ላይ ባለው የሻንሲ ጉብታ ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ላለች ተራ ቮልስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 11 ናቸው፤ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግራል። 115 ብሎ ከጀመረ የ1965፣ 116 ከሆነ የ1966፣ 117 የ1967 ነው። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ሆኗል፤ ለምሳሌ የ1970ዋ 110 ብሎ 2 ይከተላል። እንግዲህ 115ም ሆነ ከዚያ በፊት ያለ ተራ ቁጥር ከሆነ ፐርኖ ይጠብቁ፤ 116 እና ከዚያ በኋላ ከሆነ ቦል ጆይንት።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ወጥመድ አለ። አባት «የ58 ሞዴል ናት» ቢሉ በማን አቆጣጠር ነው? በፈረንጅ ከሆነ ነገሩ ያለቀ ነው፣ ፐርኖ ናት። በእኛ 1958 ከሆነ ግን የፈረንጆቹን 1965 እና 1966 ያካልላል፤ ለውጡ የተደረገው ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ነው። የሊብሬውን ዓመት አምኖ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው። ቁጥሩን በፎቶግራፍ ያስልኩ፤ ከዚያም የፊት ጎማው ወልቆ ውስጡ ፎቶ ይነሣ። ከላይና ከታች የጎማ ልብስ የለበሱ ሁለት ክብ መጋጠሚያዎች ከታዩ ቦል ጆይንት ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍራም ፐርኖና የግሪስ መስጫ ጡቶች ከታዩ የጥንቱ ነው። መኪናዋ በ50 ዓመት ውስጥ ከሌላ ቮልስ እግር ተውሳ ሊሆን ይችላልና ቁጥሩና ፎቶው ሳይስማሙ ዕቃ አይግዙ። ካልተስማሙ ፎቶውን ይመኑ።

አሁን ደግሞ ምንም ገንዘብ ወደማይጠይቀው ምርመራ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ከፊት ቀላል ናት። ፋብሪካው ለድሮው ጎማ የሰጠው የአየር ልክ ከፊት 16፣ ከኋላ 24 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ነበር፤ ለዛሬው ራዲያል ጎማ ጥቂት ይጨመርበታል እንጂ ፊቱ ሁልጊዜ ከኋላው ማነስ አለበት። ጎሚስታው ግን አራቱንም እንደ ቶዮታ 30 ሞልቶ ይሰዳል። እንዲህ የተነፋች ቮልስ ጤነኛም ብትሆን መንገድ ላይ ትዋልላለች። ወደ ግራ መሳቡም ቢሆን የፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እግሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው፦ የሚያፈስ ፖምፔታ፣ ዘይት የነካው ሸራ፣ በአንድ በኩል ጠብቆ በሌላው የላላ፣ ወይም ውስጡ ያበጠ የፍሬን ጎማ ቱቦ። መካኒኩ እነዚህን ሳያይ «ሙሉውን» ካለ፣ ቸኩሏል።

ቋታው ግን የእግር ነገር ይመስላል። ወንድምዎ እዚያ ካሉ ከመካኒኩ ጋር ይቁሙ። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ በጠንካራ መቆሚያ ትደገፍ፤ ድንጋይ ደርድሮ ከሥር መግባት ይቅር። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይወዝወዝ። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ምናልባትም ዳዶውን በልኩ ማጥበቅ ብቻ ይበቃዋል። ፍሬን ተረግጦም ከተነቃነቀ ቦል ጆይንቱ ወይም ፐርኖው ነው። ቀጥሎ ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ይወዝወዝ፤ የትኛው ቴስቲና እንደሚጫወት በዓይን ይታያል። መጨረሻ ላይ ክንዱ ከቧንቧው በሚወጣበት ቦታ ላይ መላወስ ካለ እዚያ ያለው ኩሽኔታ ወይም የውስጡ ቦኮላ አልቋል፤ ይህ ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነው፤ ኩሽኔታው በክንዱ ላይ መስመር ቆፍሮ ከሆነም ክንዱ ራሱ ይለወጣል። የግራና የቀኙ ውጤት ለየብቻ ይጻፍ። ያ ወረቀት ነው የግዢ ዝርዝርዎ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ቮልስ አሮጌ ብትሆንም ዕቃዋ አልጠፋም። ጀርመን ተራዋን ቮልስ መሥራት እ.ኤ.አ. በ1978 ብታቆምም፣ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ድረስ ተሠርታለች፤ በጠቅላላው 21,529,464። የሜክሲኮዎቹም ባለ ቦል ጆይንት ስለነበሩ ዕቃው እስከ ዛሬ ይመረታል። የፐርኖው እግር ዕቃ ደግሞ በአስገራሚ ምክንያት አልጠፋም፤ የካሊፎርኒያ በረሃ ላይ በቮልስ እግር ጋሪ መሰል መኪና እየሠሩ የሚዘሉ ሰዎች ጥንካሬውን ስለሚወዱት ነው። በፈረንጅ እብደት የሚጠቀመው የአዲስ አበባው አባት ሆነ ማለት ነው።

ተራ የመኪና ዕቃ መደብር ሄደው ጊዜዎን አያጥፉ፤ ባለ መደርደሪያው ልጅ ከመኪናዋ በ30 ዓመት ያንሳል። በአየር የሚቀዘቅዝ ቮልስ ዕቃ ብቻ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ በስልክ ሲያዙ የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡላቸው። የእኛ ጋራዥ ቋንቋ ጣልያንኛ ስለሆነ ስሞቹን አብረን እንያቸው፦ ቴስቲና ያልነው እዚህ «ታይ ሮድ ኤንድ» ነው፤ ኩሽኔታ «ቤሪንግ»፣ ቦኮላ «ቡሺንግ»፣ ፐርኖ «ኪንግ ፒን» ነው። ቦል ጆይንት ሲገዙ የላይኛውና የታችኛው የተለያዩ መሆናቸውን አይርሱ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቴስቲናዎቹም የግራና የቀኝ ጥርስ ስላላቸው አንዱን አራት ጊዜ አይግዙ። ፐርኖ ከሆነ የሁለቱን ጎማ ሙሉ ኪት፣ ከሊንክ ፒኖቹ፣ ከቦኮላዎቹና ከስስ ሮንዴላዎቹ ጋር ይግዙ። የክንዶቹን አራት የግሪስ መከላከያ ጎማዎች ይጨምሩ፤ ሳንቲም ነው ዋጋቸው፣ ግን አዲስ አበባ ላይ ሲፈለጉ የሉም።

በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ርካሹን መምረጥ ነውር ነው። የአውሮፓ ሥራ የሆነውን ቦል ጆይንት ይጠይቁ፤ ልዩነቱ ለአንድ ቤተሰብ ክትፎ ከሚከፈለው እምብዛም አይበልጥም። «ሙሉውን» ማለትም ቧንቧውን በሙሉ መላክ ግን ቧንቧው በዝገት ካልተበላ አያስፈልግም፤ ከባድ ነው፤ ከ23 ኪሎ ሻንጣም ጋር አይስማማም። መኪናዋን ዝቅ የሚያደርግ፣ ክሮም የተቀባ ምናምን የሚያሳይዎት ሻጭ ካለ አመስግነው ይውጡ።

ሻንጣው ላይ አንድ ነገር። አዲስ ዕቃ በካርቶኑ እንዳለ ከደረሰኙ ጋር ይሂድ። ያገለገለ ዕቃ ቤንዚን ወይም ዘይት የሚሸት ከሆነ አየር መንገዱ ሊያስቀረው ይችላል፤ ጋዝ ያለው ሾክ አብዞርበርም ከመጓዝዎ በፊት ይጠየቅ። ግሪስ ይዘው አይሂዱ፤ እዚያ ሞልቷል።

ለመካኒኩ የሚነገር ደግሞ ይህ ነው። ቦል ጆይንት ከክንዱ የሚወጣውም የሚገባውም በፕሬስ ነው፤ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ይወሰድ። አዲሱ ክንዱ ውስጥ ላላ ካለ አይበየድ፤ ለዚሁ ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራ አለና ይደውልልዎ። የፐርኖ ቦኮላ ከገባ በኋላ ውስጡ በሪመር በልኩ መስፋት አለበት፤ በአሸዋ ወረቀት አይሆንም። ቧንቧዎቹ ላይ ባሉት አራት ጡቶች፣ ጎማው ከመሬት እንደተነሣ፣ አዲስ ግሪስ ከክንዱ ሥር እስኪወጣ ይሰጥ። የግራው የፊት ጎማ መሐል ዳዶ ጥርሱ የተገለበጠ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድም በዚያው ጎማ ክዳን ውስጥ ስለሚያልፍ ክዳኑ ከመመታቱ በፊት ቁልፉ ይውጣ። ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ የጎማው አሰላለፍ ይለካ፤ ሳይለካ ከሄደች አዲሱን ጎማ በጥቂት ወር ትበላዋለች።

የሻንሲ ቁጥሩንና ፎቶውን ለዝግጅት ክፍላችን ቢልኩልን ዝርዝሩን ከመግዛትዎ በፊት አብረን እናየዋለን። በሚቀጥለው እትም፦ የታክሲ ባትሪ በክረምት ለምን በማለዳ ይሞታል?