ድምፁን ቀንሱልን

ይድረስ በአዲስ አበባ ከተማ በሚኒባስ ታክሲ ላይ ለምትሠሩ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ እንዲሁም ለባለንብረቶችና ለታክሲ ማኅበራት



ስለ ታሪፍ፣ ስለ ትርፍ ጭነትና መንገድ እየቆራረጡ ስለ መጫን ብዙ ተጽፏል፤ ቅጣትም ወጥቶባቸዋል። ስለ ቴፓችሁ ድምፅ ግን ከተሳፋሪው ጉርምርምታ በቀር የሚናገር የለም። ጉርምርምታውም ጋቢና አይደርስም። በጽሑፍ ቢሆን ይደርሳችሁ ይሆናል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና፣ ከመገናኛ ወደ ጎሮ፣ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። በሩ ሳይዘጋ ሙዚቃው ይከፈታል፤ መኪናው ሞልቶ ሲነሣ ድምፁም አብሮ ይጨምራል። በብዙ መኪኖች ላይ ድምፅ ማጉያው የሚገጠመው ከኋለኛው ወንበር ሥር ወይም ጀርባ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ዘፈን ሲሰማ ከኋላ የተቀመጡት ቤዙን በአከርካሪያቸው ይቀበላሉ። እናንተ ከፊት ሆናችሁ ደህና ነው የምትሉት ድምፅ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነው። አንድ ቀን መኪናውን አቁማችሁ፣ ስትነዱ በምታደርጉት ልክ ከፍታችሁ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ አሥር ደቂቃ ብትቀመጡ እኔ ከምጽፈው ይልቅ እሱ ያስረዳችኋል።

ቀንሱልን ስንል የምናገኘውን መልስ ታውቁታላችሁ። "ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ" እንባላለን። ኮንትራት የመያዝ አቅም ያለው ሰው ለታክሲ ባልተሰለፈ ነበር። ካፌ ውስጥ ሙዚቃው የበዛበት ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ የገባ ነው፤ ሥራ ይረፍድበታል፣ ቤት ይመሽበታል፤ ወርዶ እንደገና ከሰልፉ መጨረሻ ሊቆም አይችልም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰው እጅ የአሥራ አንድ ሰው ጆሮ ላይ ይፈርዳል። አብዛኛው ተሳፋሪ ዝም ይላል፤ ዝምታውን ግን ወዶት ነው ብላችሁ አትያዙት። ነገረኛ እንዳይባል በይሉኝታ የሚታገሥ አለ፤ እናቶችና አዛውንት ደግሞ በሰው ፊት የሚያዋርድ መልስ እንዳይሰጣቸው ይፈራሉ።

ዝም ከሚሉት ሰዎች ጥቂቶቹን እንድታስቧቸው እለምናችኋለሁ። ነጭ በትር ይዞ የሚገባ ዓይነ ስውር ተሳፋሪ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ረዳቱ የሚጠራውን ሠፈር፣ ከውጭ የሚገባውን የገበያ ጫጫታ፣ የሌሎች ታክሲዎችን ጥሪ እየለቃቀመ መውረጃውን ይለያል። ሙዚቃው ይህን ሁሉ ሲሸፍንበት የሚመራው ነገር ያጣል። ከአራት ኪሎ ተሳፍሮ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ መውረድ ያለበት ተማሪ ሳያውቀው ሽሮ ሜዳ ሊደርስ ይችላል። ለሚያይ ሰው ሁለት ፌርማታ ማለፍ ትንሽ የእግር መንገድ ነው። ለእሱ ግን የማያውቀው አስፋልት ዳር ብቻውን መቆም ነው። "ወራጅ አለ" ብሎ ሲጮኽም የሚሰማው የለም፤ ከጎኑ ያለ ሰው ተቀብሎ እስኪያስተጋባለት መኪናው አልፏል።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትገባውንም ሴት ታውቋታላችሁ። በየሠፈራችን ለሐዘን ድንኳን ከተተከለ በዙሪያው ሬዲዮ አይጮኽም። ሰርግ የደገሰ ጎረቤት እንኳ ዘፈኑን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ቀኑን ይለውጣል። ይህን ሥርዓት ማንም ሊያስተምራችሁ አያስፈልግም፤ በገዛ ሠፈራችሁ ትጠብቁታላችሁ። ያቺ ሴት የታክሲውን ደረጃ ስትረግጥ ግን ሥርዓቱ ይቀራል፤ ልቅሶ ቤት እስክትደርስ የጭፈራ ዘፈን ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። ከጥቁር አንበሳ ወይም ከጳውሎስ ሆስፒታል የምርመራ ውጤት ይዞ የወጣ፣ ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ፣ እናቱ ደረት ላይ ተለጥፎ በየምቱ የሚደነግጥ ሕፃን፣ ሁሉም በዚያው መኪና ውስጥ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የራሳችሁ ጆሮ ነው። እኔ ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ እወርዳለሁ። እናንተ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እዚያው ናችሁ።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ ብዛታቸው በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ነው። ሰው ይዟቸው ይወለዳል፤ ከሞቱ ሌላ አይተካም። ከመጠን ያለፈ ድምፅ ለረጅም ሰዓት ሲመታቸው መጀመሪያ ይዝላሉ። ማታ ቤት ስትገቡ ጆሯችሁ ጭው የሚለው ወይም ጥጥ እንደተወተፈበት የሚታፈነው ለዚህ ነው። ሌሊት ያገግማሉ፣ በማግስቱ እንደገና ይመታሉ። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የማያገግሙበት ቀን ይመጣል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ሰውየው ሰው ሲናገር ይሰማል፣ የተባለውን ግን አይለይም። ቤተሰቦቹ እንደማያዳምጣቸው ይቆጥሩታል፤ ልጆቹ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዛ ብለው ያማርራሉ። ሕመም የለውም፣ ደም አይታይበትም፤ ስለዚህ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ብዙው ካለፈ በኋላ ነው። የጠፋውን የሚመልስ መድኃኒትም የለም።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ። መለኪያ ባይኖራችሁም ማወቂያ መንገድ አለ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ከምትደርሱበት ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ ያላችሁበት ቦታ 85 ዴሲቤል ሳይደርስ አይቀርም፤ ሊበልጥም ይችላል። ሹፌርና ረዳት በአንድ መኪና ውስጥ ሒሳብ ለመነጋገር የሚጯጯኹ ከሆነ ወሰኑ ላይ ደርሰዋል። ወሰኑ ደግሞ የ8 ሰዓት ነው፤ የእናንተ ቀን ከዚያ ይረዝማል። ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ቢኖር ሠራተኛው የጆሮ መከላከያ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይሰማው ነበር። እናንተ ግን ድምፅ ማጉያውን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ታስገጥማላችሁ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የመንገድ ደኅንነቱም ጉዳይ አለ። ከኋላ የሚመጣ አምቡላንስ፣ በጎን የሚያልፍ ሞተር ሳይክል፣ ረዳቱ በሩን ይዞ "ቁም" ሲል፣ እነዚህ ሁሉ የሚደርሱት በጆሮ በኩል ነው። አንድ እግሯን ብቻ መሬት ያስረገጠች እናት መኪናው ሲንቀሳቀስባት አይቻለሁ። ረዳቱ ጮኾ ነበር፣ ሹፌሩ አልሰማም። የወደቀች ባለመሆኗ ተመስገን።

ተራ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። ወፍራም የቤዝ ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ግድግዳ አልፎ ይገባል፤ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው ዘፈኑ ባይደርሰው እንኳ ምቱ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጥበታል። ጎሕ ሳይቀድ ሞተር እያሞቃችሁ ቴፑን ስትከፍቱ በአጥሩ ማዶ የታመመ፣ የሚያጠና፣ ገና የተኛ ሰው አለ። በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚፈቀደው ከፍተኛ የድምፅ መጠን በደረጃ እንዲወሰን ያዛል። በደረጃው መሠረት በመኖሪያ ሠፈር የሚፈቀደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። የቀኑ ወሰን ሁለት ሰዎች ተረጋግተው ከሚያወሩበት ድምፅ ብዙም አይርቅም። ትራፊክ ፖሊስ ትርፍ የተጫነ ሰው በዓይኑ ቆጥሮ ይቀጣል፤ ለድምፅ መለኪያ መያዝ ስለሚያስፈልገው ያልፈዋል። እኔም በእናንተ ላይ ሌላ ቅጣት እንዲጨመር አልመኝም፤ በእኛና በእናንተ መካከል ሊያልቅ የሚችል ነገር ነውና።

የምትሰጡትን ምክንያት አልናቅሁትም። እንቅልፍ ያባርርልናል ትላላችሁ። ለባለንብረቱ የምታስገቡት የቀን ገቢ፣ የነዳጅ ሰልፉ፣ የመንገዱ መጨናነቅ እንደሚያዝላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ጩኸት እንቅልፍን ለጊዜው ቢገፋ እንጂ ድካምን አያወጣም፤ ራሱም ያደክማል። ሹፌር በጩኸት ብቻ ነቅቶ የሚውል ከሆነ መኪናው ውስጥ ያለነው ሁሉ አደጋ ላይ ነን፤ ይህም የባለንብረቶችን ጆሮ ሊቆረቁር ይገባል። ተሳፋሪው ይወደዋል የሚለውም በከፊል እውነት ነው፤ የሚወዱ ወጣቶች አሉ። ዘፈኑን ዝጉት ማንም አላላችሁም። የጥላሁን ገሠሠ ወይም የአስቴር አወቀ ድምፅ በልኩ ሲከፈት መንገዱን ያሳጥራል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ሲያንጎራጉሩ አይቻለሁ። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጮኽ ግን ግጥሙም ዜማውም አይለይም፤ የሚቀረው ምቱ ብቻ ነው።

በጾም ወራት ዘፈኑ ይነሣና መዝሙርና ስብከት ይተካዋል፤ በረመዳንም መንዙማ። ይህን ቀንሱ ማለት ይበልጥ ይከብዳል፤ ሃይማኖት የተቃወሙ ያስመስላል። ሆኖም አጠገባችሁ ያለው ሰው በልቡ የራሱን ጸሎት እያደረሰ፣ ወይም የሌላ እምነት ተከታይ ሊሆን ይችላል። እምነቱን የሚያከብር ሰው ስለ እምነቱ ሲል የሰው ጆሮ ባያስጨንቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በብዙ ታክሲዎች በር ላይ በሩን ቀስ አድርገን እንድንዘጋ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። እንታዘዛለን። የሚረሳ ሰው ሲኖር ረዳቱ ይቆጣል፣ እኛም ከረዳቱ ጋር ሆነን እንናገራለን፤ መኪናው የእንጀራችሁ ገመድ መሆኑን እናውቃለን። ለበሩ የምታዝኑትን ያህል ለተሳፋሪው ጆሮ እንድታዝኑ መጠየቅ የበዛ አይመስለኝም። የሚያደርጉትም አሉ። ጠዋት ዜና በልኩ ከፍተው ተሳፋሪው እየተከራከረ የሚደርስባቸው ታክሲዎች አሉ፤ "ድምፁ ይበዛባችኋል?" ብለው የሚጠይቁ ሹፌሮች ገጥመውኛል፤ ስልክ የተደወለለት ሰው ሲያዩ ሳይጠየቁ የሚቀንሱ ረዳቶችም ገጥመውኛል። እነዚህ ሰዎች ገቢ አልቀነሰባቸውም።

ልኩን ለማወቅ ክርክር አያስፈልገንም። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ሰው በተለመደ ድምፁ "ወራጅ አለ" ብሎ አንድ ጊዜ ተናግሮ ከተሰማ በቂ ነው፤ ከጮኸ በዝቷል። ባለንብረቶች ከወንበር ጀርባ የሚገጠመውን ትልቁን ቤዝ አንሡልን፤ መኪናውን ስታስረክቡም ስለ ድምፅ አንድ ቃል ጨምሩ። ማኅበራትም በስብሰባችሁ ላይ አጀንዳ አድርጉት፤ አባሎቻችሁ በስድሳ ዓመታቸው የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ሰምተው እንዲጫወቱ ከፈለጋችሁ ጊዜው አሁን ነው። ረዳቶች፣ ቀንስልን ያለችን እናት በኮንትራት አትመልሷት።

ለተሳፋሪዎችም መልእክት አለኝ። አንድ ሰው "ወንድሜ፣ ድምፁን ቀንስልን" ሲል ወደ መስኮት አንዙር። "እውነቱን ነው" የሚል አንድ ሁለት ሰው ከተጨመረ ጥያቄው የአንድ ሰው ቅሬታ መሆኑ ይቀራል፤ በትሕትና የተጠየቀ ሹፌርም አብዛኛውን ጊዜ እጁን ወደ ቴፑ ይዘረጋል።

ነገ ጠዋት ከተራ ስትነሡ በዝቅተኛ ድምፅ ጀምሩ፤ ሳምንት ሞክሩትና ፍረዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር ተሳፋሪያችሁ