ዘግይታ የመጣችውን አትመልሷት

ደብረ ማርቆስ ላይ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከጮቄ ሥር የመጣች የ16 ዓመት ልጅ መቀነቷን ስትፈታ ሆዷ ገፍቷል። ተደፍራ ለእናቷ እንኳ ሳትናገር አምስት ወር ሞላት። ጽንስ ማቋረጥ ከነጭራሹ የተከለከለ መስሏት ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ግን ለተደፈረች ይፈቅዳል፤ ቃሏ ይበቃል፣ የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅም። የጤና ሚኒስቴር መመሪያም እስከ 28 ሳምንት ይሄዳል።

«ከሦስት ወር በኋላማ ይከልከል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለችው ልጅ እኮ የምትዘገየው ፈርታ፣ የመሳፈሪያ ብር አጥታ ነው። በሩ ቢዘጋባት ሥራ ሥር በጥብጦ ወደሚያጠጣት ትሄዳለች፤ ደም እየፈሰሳቸው በቃሬዛ የመጡ፣ ልጆች ቤት ጥለው የወጡ እናቶችን ተቀብያለሁ። ሕጉ አይጥበብ፤ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አፍ አውጥተው ይናገሩት።