ቆጮው ቀረ፣ ቅቤውስ?

ዱመርሶ ላይ «ካርቦሃይድሬት ልቀንስ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ቆጮን ነው። ልክ ነው፤ ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው። ሲቀር ክብደት ይቀንሳል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይወርዳል። ነገሩ የሚበላሸው የቆጮውን ቦታ ቅቤና ጮማ ሲይዘው ነው።

የቅቤ ስብ ኤልዲኤልን፣ ማለትም የደም ሥርን የሚያጠበውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። አንዳንዱ ላይ ጭማሪው ትንሽ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን ያስደነግጣል። «ከስቻለሁ እኮ፣ ምን ኮሌስትሮል አለብኝ!» ማለት እዚህ አይሠራም። ኤልዲኤል አያምም፣ ሚዛን ላይም አይወጣም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም ከደረሰ ደግሞ ሐኪም መድኃኒት የሚያስብበት ቁጥር ነው።

ታዲያ ወደ ቆጮ ይመለስ? የግድ አይደለም። በጌዴኦ ጓሮ ከእንሰቱና ከቡናው ጋር አቮካዶና ጎመን አለ። ጎመኑ በቅቤ ሳይሆን በትንሽ ዘይት ይሠራ፣ ከጮማው ይልቅ ቀዩ ሥጋ ይመረጥ፣ ዓሣ ሲገኝም ዓሣ ይበላ። አቮካዶ ስቡ ብዙ ቢሆንም እንደ ቅቤ ያለ አይደለም፤ ቅቤን ሲተካ ኤልዲኤልን ዝቅ ያደርጋል።

ቡናን መንካት እንኳ ዱመርሶ ላይ ድፍረት ነው። ግን ተፈልቶ በወረቀት ያልተጠለለ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ይዞ ስለሚቀር ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ቁጥሩ የወጣበት ሰው ከአቦል እስከ በረካ መጠጣቱን ቢቀንስ ይጠቅመዋል፤ ቅቤ የሚጨምርበት ከሆነማ መጀመሪያ ቅቤውን ይተው።

አመጋገቡን የሚጀምር ሰው ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና ይመርመር። የኮሌስትሮል ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ ከስቻለሁ ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ የስኳሩ መጠን መስተካከል ስላለበት ሐኪሙ ከመጀመሪያው ይወቅለት።