አፍን የማይፈትን ፈተና

እንቆቅልሽ ሳይጫወት ያደገ የእብናት ልጅ የለም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው። ያቃተው «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ደብረ ታቦርን ሰጥቶ ይገላገላል።

ፒቲኢ በሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውስጥ ለአጫጭር ጥያቄዎች በቃል የሚመለስበት ክፍል አለ። ሥርዓቱ ከእንቆቅልሹ ብዙም አይርቅም። ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ አንድ ጊዜ ይሰማል፤ አይደገምም። ተፈታኙ በ10 ሰከንድ ውስጥ በአንድ ወይም በጥቂት ቃላት ይመልሳል። ለ3 ሰከንድ ዝም ካለ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። ልክ ከሆነ ነጥብ አለው፤ ካልሆነ ባዶ። አገር ሰጥቶ መገላገል የለም።

ነገሩ ለእብናት ሩቅ አይደለም። ከወረዳው ወጥቶ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት የውጭ የትምህርት ዕድል ሲፈልግ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ አምጣ ይባላል። አይኤልትስ የተባለውን ፈተና ከመረጠ ፈታኝ ፊት ተቀምጦ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ያወራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሥራው ወይም ስለ ትምህርቱ ነው። ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ቃሉን እያወቀው አፉ ላይ የሚጠፋበት ግን ጥቂት አይደለም።

ይህ ወጣት እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ተምሯል። ከ9ኛ ክፍል ወዲህ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ዕጣውን የሚወስኑት ፈተናዎች ግን አንድም ቀን አፉን ጠይቀውት አያውቁም። የ12ኛ ክፍሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። በ12ኛ ክፍሉ ፈተና ውስጥ ክፍት ቦታቸው የሚሞላ የሁለት ሰዎች ንግግሮች መኖራቸውን እናውቃለን። ያ መናገር ከተባለ ዋናም በጥቁር ሰሌዳ ይለመዳል።

መማሪያ መጽሐፉ ጥፋት የለበትም፤ በየምዕራፉ የማዳመጥና የመናገር ክፍል አለው። መምህሩ ይህን ክፍል የሚዘለው ፈተና ላይ ስለማይመጣ ነው። ተማሪውም ቢሆን «ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብሎ ጠይቆ፣ አይወጣም ከተባለ ደብተሩን ያጥፋል። ማን ይፈርድበታል?

ሰከንድ እየቆጠረ የሚጠይቅ ድምፅን ይህ አገር ከዚህ በፊትም ሰምቷል። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርፆ በሳተላይት የሚመጣ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ክፍሉ ጭጭ ብሎ ያያል። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዞ ይቆማል፤ የስክሪኑ መምህር ላስቁምህ ቢለው የማይቆም፣ ድገምልን ቢሉት የማይደግም ባልደረባ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ካለፉት ተማሪዎች መካከል ዛሬ እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆኑ አሉ። የለመዱትን ዝምታ ወደ ክፍላቸው ይዘው ቢገቡ ምን ይደንቃል?

በቃል መፈተን ለዚህ አካባቢ ባዕድ ነው እንዳይባል ጋይንት አጠገባችን አለ። የቤተ ክርስቲያን ዜማው ድጓ የሚመሰከረው በቤተልሔም ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ። ተማሪው መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ያደርሳል፤ ከተሳሳተ እዚያው ይታረማል። አፍን ሳይሰሙ ዕውቀትን መመስከር በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች አይታሰብም።

የ10 ሰከንዱ ፈተና እንከን የለውም አንልም። በረዶ የሚጥለው በየትኛው ወቅት ነው ቢባል የእብናት ልጅ ክረምትን ይጠራል፤ ሐምሌ ላይ ማሳውን ሲመታው አይቷልና። ያ ወቅት በእንግሊዞቹ አቆጣጠር በጋ ስለሆነ መልሱ ልክ አይባልለትም። ደግሞ ልጆቻችንን ታላቅ ሲጠይቃችሁ አትቸኩሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ እያልን አሳድገናል። ማይክሮፎኑ ይህን ጨዋነት ከአለማወቅ አይለየውም። ቢሆንም ልጁ ከዚህ ፈተና ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው ዶላር በከፈለበት ቀን መሆን የለበትም።

በአፍ ያልተጠየቀ ተማሪ እንግሊዝኛ ተፈተነ ሊባል አይገባም፤ የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው። አይቻልም የሚል መልስም አንቀበልም። ትምህርት ሚኒስቴር የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አስገብቶ ፈትኗል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውንም ሳይሸሽግ ተናግሯል። ያን ያህል የደፈረ ተቋም የቃል ጥያቄ አይከብደውም።

ኮምፒዩተርና የድምፅ ክፍል ይምጣልን አንልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። የምንጠይቀው መምህርና ወንበር ላለበት ክፍል የሚሆን ነገር ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ሰጥቶ አምስት አጫጭር ጥያቄ መጠየቅ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ 40 ደቂቃ ለሚቆይ ክፍለ ጊዜ ሦስት ማለት ነው። የእብናት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመቶው 10 ነጥብ ለዚህ እንዲመደብ ያድርግ፤ ከላይ ደብዳቤ እስኪመጣ አይጠብቅ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህራን ጥያቄዎቹን ከበሬው፣ ከጤፉና ከጉና ተራራ አውጥተው ያዘጋጁ። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም የቃል ፈተና በየትኛው ዓመት እንደሚጀምር ቆርጦ ለሕዝብ ያሳውቅ።