ጥር 11 እና ጃንዋሪ 20

አገር ጐብኚ ከቤቱ ሳይነሣ በኮምፒዩተር አልጋ ሊይዝ የቻለው የሆቴሉና የጉዞ ወኪሉ መዝገቦች በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስለሚነጋገሩ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 የተቋቋመው ኦፕን ትራቭል አላያንስ የተባለው ማኅበር ሥራዬ ብሎ የያዘውም ይህንኑ የጋራ አጻጻፍ ማውጣትን ነው።

በአገራችን ግን ከማናቸውም አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው የቀን ነገር ነው። ጥምቀት ዘወትር ጥር 11 ቀን ይውላል፤ በውጭው አቈጣጠር ጃንዋሪ 19 መሆኑ ነው። የእነርሱ ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚኖረው ዓመት ግን፣ እንደ 2024ቱ፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በዚህ ጊዜ በልማድ 19 ብሎ አንድ ሌሊት የሸጠ የጐንደር ሆቴል እንግዳውን ለከተራ አስገብቶ በጥምቀት ማለዳ ያስወጣዋል! የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ያልነው ለፈረንጁ 8 ነው።

ቀናችንን እንተው አንልም። መዝገቡ በ1988 የወጣውን ዓለም አቀፍ ደንብ ተከትሎ ቀኑን በአውሮፓ አቈጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያለ በተራ ይያዝ፤ ለአንባቢው ግን በየአቈጣጠሩ ተለውጦ ይታይ። ለዋጩም መሣሪያው እንጂ የእንግዳ ተቀባዩ ትዝታ መሆን የለበትም። ሆቴሎች መዝገቡን ሲገዙ ይህን በውላቸው እንዲያስገቡ ማድረግ ለወጣት ሹማምንት የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ጥምቀት በ2028 እንደ ገና ጃንዋሪ 20 ይውላልና ከዚያ በፊት ይጠናቀቅ።